ዲማ፣ ዳለቻ እና ሦስተኛው ፕሮፎርማ

ጥሩ የሞተር መጋዝ ገመዱ አንዴ ሲሳብ ይነሣል ይባላል። ውሸት ነው። አንዴ ሲሳብ የሚነሣ መጋዝ፣ ገና ሰላም ሳትለው የቤቱን ምሥጢር ሁሉ የሚዘከዝክልህን ሰው ይመስላል፤ ከሰዓት በኋላ ለቁም ነገር ስትፈልገው አታገኘውም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። መጽሐፍማ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ አንብቦ ሳይጨርስ ስኳሩ እንዲገለበጥ አይፈቅድም እየተባልኩ በገዛ ቤቴ እታማለሁ። ይህን የተማርኩት አምቦ ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ አሥራ አንድ ጊዜ ገመድ ስቤ አሥራ አንድ ጊዜ አፍሬ ነው። ሆኖም የምጽፈው ልናዘዝ ሳይሆን ልኮራ ነው። ትሕትና የሚፈልግ አንባቢ የእድር ማስታወቂያ ያንብብ።

የከተማችን ኅብረት ሥራ ማኅበር ከከተማው በላይ ባለው ተዳፋት ላይ ሰፊ የባሕር ዛፍ ይዞታ አለው። ባሕር ዛፍ እንደ ሐሜት ነው፤ በቆረጡት ቁጥር ከጉቶው ሦስትና አራት ሆኖ ይበቅላል። ስለዚህ ቆራጭ ሥራ አይፈታም። ለዳቦ ቤቱ ማገዶ፣ ለቤት ሠሪው ማገርና ወራጅ፣ ለትምህርት ቤቱ አጥር እየተባለ በየሳምንቱ ይቆረጣል። ይህን ሁሉ በመጥረቢያ ሲቆርጥ የኖረው ጎረቤቴ ኦቦ ደበላ ነው። ማኅበሩ ሳይቋቋምም ቆራጩ እሱ ነበር፤ ለውጡ ሲመጣ ዛፉ ባለቤት ቀየረ እንጂ መጥረቢያው አልቀየረም።

አንድ በጋ ላይ ግን የሚወድቅ ዛፍ ቅርንጫፍ ቀኝ ትከሻውን መታው። ወጌሻው አሸው፣ ጎተተው፣ መለስኩት አለ። ትከሻው ግን የተመለሰው ቅር ብሎት ነው መሰለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ቀኝ እጁ ከደረቱ በላይ አልወጣ አለ። ከራስ በላይ ያልወጣ መጥረቢያ ደግሞ ዱላ ነው።

አንድ ጧት ቤቴ መጣ።

"አካም ቡልቴ፣ ያ ባርሲሳ" አለኝ። ባርሲሳ መምህር ማለት ነው፤ ስሜን ያውቀዋል፣ ግን አይጠራውም። "ዘበኛ ሊያደርጉኝ ነው። የመጋዘኑን በቆሎ ጠብቅ አሉኝ። በቆሎ የት ይሄዳል?"

"ታዲያ ምን አለበት? ቁጭ ብለህ ደመወዝህን መብላት ነው።"

"ጎተራም ቁጭ ብሏል። እኔ ጎተራ ነኝ?" ቀጠለ። "ጭልሞ ደን ውስጥ ሞተር ያለው መጋዝ አይቻለሁ። እንደ ሕፃን ታቅፈኸው ነው የምትቆርጠው። ከደረት በላይ አይነሣም። እሱን ቢገዙልኝ ዛፍ ከእጄ አይወጣም ነበር።"

ያን ዕለት ማመልከቻውን ጻፍኩለት። "አስተማማኝ፣ ሞተር ያለው መጋዝ ይገዛ ዘንድ" ይላል። አስተማማኝ የሚለውን ቃል ከአራት ተፎካካሪዎች ጋር አወዳድሬ ነው የመረጥኩት። ማኅበሩ በመርሕ ደረጃ ተስማማ፤ ግን ቀጠሮ አስቀመጠ። መጋዙ ሰኔ ሳይገባ ተገዝቶ ሥራ ካልጀመረ፣ ሁለት ጉልበተኛ ቆራጮች ይቀጠራሉ፣ ኦቦ ደበላም ወደ በቆሎው ይሄዳል። እንግሊዝኛ ስለማነብም የግዢ ኮሚቴው አባል ሆኜ ተመረጥኩ። "እኔ እመርጥልሃለሁ" አልኩት። ይህን የመሰለ ቃል የሚወጣው ከአፍ ነው፤ የሚመለሰው ግን በጀርባ ተጭኖ ነው።

አዲስ አበባ ሄጄ የሞተር መጋዝ የሚያስመጡ ሁለት ነጋዴዎች አገኘሁ። አንደኛው ቀይ መጋዝ አለው፣ ሁለተኛው ግራጫ። ሥዕላቸውን ይዤ ስመለስ ያየ ሁሉ ቀዩን ወደደ። ያብረቀርቃል፣ ቅርጹ ያምራል፣ ሻጩም "አንዴ ሲሳብ ይነሣል" ብሎኛል። ግራጫው ሌሊቱን ያልተኛ የቀበሌ ጸሐፊ ይመስላል። ሁሉም የወደደውን መውደድ ለእኔ የሰው ጫማ እንደ ማድረግ ነው፤ እግር ይገባል፣ ግን ይኮሰኩሳል። ስለዚህ ግራጫውን መረጥኩ። ምክንያቱ? ምክንያት በኋላ ይፈለጋል።

ኦቦ ደበላ ሥዕሎቹን ሲያይ መጀመሪያ ስም አወጣላቸው። በእሱ ቤት በሬ በመልኩ ነው የሚጠራው፤ ቀዩ ዲማ፣ ግራጫው ዳለቻ ተባሉ። ከዚያ እኔ ክብደታቸውን፣ የፈረስ ጉልበታቸውን፣ የሰንሰለታቸውን ጥርስ ብዛት ስተረጉምለት አንገቱን ደፍቶ ሰማኝ። የወንጌላውያን ምእመን ስለሆነ ማንኛውንም ነገር እንደ ስብከት ነው የሚያዳምጠው።

"ጥሩ" አለ ስጨርስ። "ሲደክመው ይተኛል?"

"ማን?"

"መጋዙ ነዋ።"

"ኦቦ ደበላ፣ ይሄ እኮ ማሽን ነው።"

"ጧት ጧት ሁሉም በሬ፣ በሬ ነው። ገበያ ላይ ጥርስ ታያለህ፣ ሻኛ ትጨብጣለህ፤ ያ ሁሉ ሻጩን ደስ ለማሰኘት ነው። እኔ በሬ ስገዛ አርስበታለሁ። ላብ ሲያጠምቀው አስተኛዋለሁ። ትንሽ ቆይቼ 'ካኢ!' እለዋለሁ፤ ተነሥ። ከተነሣ በሬ ነው፤ ካልተነሣ ሥጋ ነው።"

እኔ፣ ስንት ፈላስፋ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩ ሰው፣ ሳቅሁበት።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ። የግዢው ደንብ ሦስት ፕሮፎርማ ይጠይቃል። ሻጭ ሁለት፣ ፕሮፎርማ ሦስት። ሦስተኛው ካልመጣ ጉዳዩ አይታይም፤ ሰኔ ደግሞ እየቀረበ ነው። በዚህ ጊዜ ብልሃት መጣልኝ። ብልሃት ሲመጣብኝ ባለቤቴ በሩን ዘግታ ብትይዘኝ ኖሮ ስንት ነገር በተረፈ።

በከተማችን አናጺው አቶ ክፍሌ ከአባታቸው የወረሱት አሮጌ መጋዝ አላቸው። ግራና ቀኝ እጀታ ያለው፣ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ የሚስበው ረጅም መጋዝ ነው። ከሥራ ቦታቸው ግድግዳ ላይ፣ ከመላእክት ሥዕል ቀጥሎ ተሰቅሏል። ሄድኩ።

"ጋሽ ክፍሌ፣ ለቁጥር ማሟያ ነው። ዋጋ ይጻፉልኝና ይፈርሙልኝ።"

"መጋዜን አልሸጥም።"

"አይሸጥም። ሁለት ሞተሮች መሀል ገብቶ ማን ይገዛዋል?"

እዚህ ላይ ፊታቸው ተለወጠ። "ለምን አይገዛም? ምን ጎደለውና?"

"ምንም አልጎደለውም። ብቻ ዋጋውን ዝቅ ያድርጉት፤ አሮጌ መጋዝ በሞተር ዋጋ ቢባል ሰው ይስቅብናል።"

አንባቢዬ፣ ዋጋውን ዝቅ እንዲያደርጉ የመከርኳቸው እኔ ነኝ። በዚህም አላበቃሁም። የእጅ መጋዝ ከማመልከቻዬ ከተቀዳው የግዢ መግለጫ ጋር እንዲስማማ ብዬ፣ "ሞተር ያለው" የሚሉትን ሁለት ቃላት ከመግለጫው ላይ ሰረዝኳቸው። ሦስት ፕሮፎርማ ሞላ። ኮቴን አስተካክዬ፣ ራሴን በልቤ አመስግኜ ስብሰባ ገባሁ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ተማሪ ሳለ ዓረፍተ ነገር ሲሰጡት ግማሹን ነበር የሚያነበው። ኃላፊነት ግን ሰው ይለውጣል፤ ያን ዕለት አንድ ነጥብ ሳይዘል አነበበ።

"ደንቡ 'መግለጫውን ካሟሉት ውስጥ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበው ይመረጣል' ይላል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረቡት አቶ ክፍሌ ናቸው። ተቃውሞ አለ?"

"ጓድ ሊቀመንበር!" ብዬ ተነሣሁ። "እሱ እኮ የእጅ መጋዝ ነው!"

"መግለጫው 'መጋዝ' ነው የሚለው፣ ጓድ መምህር።"

"'ሞተር ያለው' ይል ነበር!"

"ተሰርዟል።" ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረው። "የማን እጅ ነው የሰረዘው?"

የእኔ እጅ ነበር። በቀይ ቀለም ነበር። መምህር ሌላ ቀለም የት ያውቃል?

በዚያች ቅጽበት ሁለት ሰው አጠፋሁ። ኦቦ ደበላ ሁለት እጀታ ያለው መጋዝ ተገዝቶለት፣ ለመሳብ የሚሆን ትከሻ የለውም፤ ቀጥታ ወደ በቆሎው መሄዱ ነው። አቶ ክፍሌ ደግሞ የአባታቸውን መጋዝ ያጣሉ። ወረቀቱን ስቃኝ ዓይኔ ያቺ ከአራት ተፎካካሪ የመረጥኳት ቃል ላይ ዐረፈች።

"መግለጫው 'አስተማማኝ መጋዝ' ይላል" አልኩ። "የትኛው አስተማማኝ እንደሆነ በወረቀት አይታወቅም። በዛፍ ላይ ይፈተኑ!"

ሊቀመንበሩ አሰበ። ፈተና ሲባል የመምህሩን ስቃይ ለማየት ያልጓጓ የቀድሞ ተማሪ አላውቅም። ፈቀደ። ቅዳሜ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሦስቱም መጋዞች ጎን ለጎን ይቆርጣሉ፤ ኮሚቴው ያያል።

ከስብሰባው ስወጣ አቶ ክፍሌ ወሬው ቀድሟቸው በር ላይ ቆመዋል።

"አንተ የተማርክ ቀማኛ!" አሉኝ። "ለቁጥር ብለህ ወስደህ የአባቴን መጋዝ ልታሸጥብኝ!"

"ጋሽ ክፍሌ፣ ቀላል ነው። ፈተናው ላይ ቀስ ብለው ይሳቡ። ይሸነፉ፤ በቃ።"

"እሸነፋለሁ!" አሉ። "ሰው አይቶት የማያውቅ ሽንፈት ነው የምሸነፈው!"

ኦቦ ደበላ ግን አልጮኸም። "ባርሲሳ፣ እኔን ለመርዳት ብለህ ስንት ሰው ልትጎዳ ነው?" ብቻ አለኝ። ከስድቡ ይልቅ ይህቺ ቆጠቆጠችኝ።

ለሙከራ የሚሆኑ ሁለት መጋዞች ከነጋዴዎቹ በማኅበሩ ደብዳቤ ተውሼ በአውቶቡስ አመጣሁ። ሁለቱንም በጆንያ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ አስቀመጥኳቸው። የዲማ ጥርስ ጆንያውን በጥሶ አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት ነጠላ ያዘ፤ ጊንጪ ስንደርስ ሴትየዋና እኔ በሰንሰለት ተያይዘን ነበር። እዚያ ኬላ ላይ ፈታሹ ጆንያውን ገለጠና ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መጋዝ ነው።"

"መጋዝ ሞተር ምን ያደርግለታል?"

ይህን ጥያቄ ለኮሚቴያችን ባቀረበው ኖሮ ሊቀመንበር ያደርጉት ነበር። ዛፍ እንደሚቆርጥ አስረዳሁት። ሴትየዋ በመሀል "ነጠላም ይቆርጣል፤ ጻፈው" አለችው። ሳቀና አሳለፈን።

ዋዜማው ላይ ሌላ ጣጣ መጣ። ሰንሰለቱ ሲዞር የሚያለሰልሰው ዘይት ያስፈልገዋል፤ በከተማው አልተገኘም። ማንኛውም ዘይት ለጊዜው እንደሚሆን የሆነ ቦታ አንብቤአለሁ። ከቤት ያለው ደግሞ በኅብረት ሱቅ ተሰልፈን ያገኘነው የኑግ ዘይት ብቻ ነው። ጠርሙሱን ይዤ ስወጣ ባለቤቴ በር ላይ ያዘችኝ።

"የት ነው?"

"ለመጋዙ ነው።"

"ይሁን" አለች። "እኔ ወጡን በውሃ ልሥራ፤ አንተ ዛፍ ጥበስ።"

ቅዳሜ ደረሰ። ከተማው ሁሉ ሥራ የፈታ ይመስል ተዳፋቱ በሰው ሞልቷል። ዲማን የያዘው ከጭልሞ በውሰት የመጣ ሙያተኛ ነው። እግሩን ረግጦ ገመዱን አንዴ ሳበ፤ ዲማ እንደ አንበሳ ጮኸ። ሰዉ "ኧረ ወንድ ነው!" አለ። በወዲህ በኩል አቶ ክፍሌና አማቻቸው የአባትየውን መጋዝ ዛፍ ላይ አሳርፈው፣ ሬሳ እንደሚገንዝ ሰው በዝግታ መሳብ ጀመሩ። ሽንፈቱ በደንብ ተጀመረ።

እኔ ዳለቻን ይዣለሁ። ኦቦ ደበላ እጁን ሲዘረጋ "ቆይ፣ መጽሐፉን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ እኔ ላስነሣው" አልኩት። ሳብኩ። ምንም የለም። ሳብኩ። አስነጠሰ። በሰባተኛው ኮቴን አወለቅሁ፣ በዘጠነኛው ክራባቴን። በአሥራ አንደኛው ወገቤ ላይ የሆነ ነገር "ቀጭ" አለ፤ ከመጋዙም ከእኔም የተሰማ ብቸኛ ድምፅ እሱ ነበር።

የጭልሞው ሰው ከወዲያ ጮኸ፦ "መምህር! ቾክ! ቾኩን!"

አሁን ፍረዱኝ። ባነበብኩት እንግሊዝኛ ቾክ ማለት ማነቅ ነው፤ በመመሪያው ላይ ሳየው ማንን እንደሚያንቁ ስላልገባኝ አልፌዋለሁ። በሃያ ዓመት የመምህርነት ሕይወቴ ደግሞ ቾክ ማለት ጠመኔ ነው። ሙያተኛው የሚቆረጥበትን ቦታ ምልክት አድርግ ማለቱ መሰለኝ። ከኪሴ ጠመኔ አወጣሁና ዛፉ ላይ፣ ቀጥ ያለ፣ የሚያምር መስመር አሰመርኩ።

ከፊሉ ሰው መሬት ላይ ወደቀ። "ርእስም ጻፍበት!" አለ አንዱ ከኋላ። ሊቀመንበሩ ደብተሩን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ግድ የለም፤ መስመሩ ግን ቀጥ ያለ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን አቶ ክፍሌ ቀና ብለው አዩ። አንዱ ሞተር አይነሣም፣ ሰዉ ይስቃል፣ እሳቸው ደግሞ ሳይፈልጉ ዳለቻን መቅደም ጀምረዋል። ከሕዝቡ አንዱ "ጋሽ ክፍሌ! የድሮ ሰው! ያሳዩዋቸው!" አለ። እንዳይሰሙ ፀሎት አደረግሁ። ሰሙ። ትከሻቸው ሲሰፋ፣ እግራቸው ሲተከል አየሁ።

"ጋሽ ክፍሌ፣ ቀስ!" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"እጄ እምቢ አለኝ!" አሉ። "አርባ ዓመት የሠራሁበትን እጅ በምን ልዋሽበት?"

ከዚያ በኋላ መጋዙ ዘፈነ እንጂ አልቆረጠም ማለት ይቻላል። የዛፍ ብናኝ እንደ ዱቄት ይቦናል። አንድ ዛፍ ወደቀ፤ ሁለተኛው ወደቀ። ሰዉ ያጨበጭባል፣ አቶ ክፍሌ የአባታቸውን መጋዝ ሊያጡ በሙሉ ኃይላቸው ይታገላሉ። አማቻቸው "ጋሼ፣ ልንሸነፍ አልነበር?" ቢላቸው፣ "ዝም ብለህ ሳብ!" አሉት።

በዚህ መሀል ኦቦ ደበላ ገፋ አደረገኝ። ዳለቻን መሬት ላይ አስቀመጠው፣ የኋላ እጀታውን በጫማው ረገጠው፣ ቀኝ እጁን ዝቅ አድርጎ የፊቱን ያዘ። ጎኑን በጣቱ ዳሰሰና ከአንዲት ትንሽ መጎተቻ ላይ ቆመ። "ይቺ ናት የምትታነቀው" አለ፤ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየሩን የምታንቀውን ጎተታት። ከዚያ ገመዱን በግራ እጁ ይዞ ጎንበስ አለና፣ ለበሬ እንደሚናገር፣ "ካኢ፣ ዳለቻ!" አለ። በሦስተኛው ተነሣ። አየሩን የጥብስ ሽታ ሞላው፤ ሰዉ ምሳ ሰዓት ያለፈ መስሎት ፀሐይን ያይ ጀመር።

ትንሽ ከሠራን በኋላም ዲማ ዘጠኝ ዛፍ፣ አቶ ክፍሌ አራት፣ እኛ ሦስት ነበርን። ሊቀመንበሩ "ቀዩ ይመራል" ብሎ ጻፈ። ከዚያ የዲማ ቤንዚን አለቀ። ሞሉለት። ሙያተኛው ሳበ፤ አልተነሣም። ደጋግሞ ሳበ፤ ምንም።

"ሞቋል" አለ ላቡን እየጠረገ። "ይቀዝቅዝለት።"

እስኪቀዘቅዝለት አንድ ሰዓት ሄደ። ተነሣ፣ እንደ ጧቱ ሸለለ፣ አንድ ሙሌት ጨረሰና እንደገና ተኛ። የዳለቻም ቤንዚን ያልቃል፤ ኦቦ ደበላ ይሞላል፣ ጎንበስ ይላል፣ "ካኢ" ይላል። ሁለተኛው ላይ፣ አንዳንዴም አንደኛው ላይ፣ እየተነጫነጨ ይነሣል። እኔ ጉቶ ላይ ተቀምጬ ወገቤን እያሸሁ ስለ በሬ የሳቅሁትን ሳቅ መልሼ ዋጥኩ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲቀርብ ነፋስ ተነሣ። የአቶ ክፍሌ አማች መዳፉ ተልጦ ጥሎ ሄዷል፤ ሌላ ሰው ተተክቷል። አሥራ አራተኛውን ዛፍ ግማሽ ላይ እንዳደረሱት ዛፉ ወደ እነሱ ዘመም አለና መጋዙን ነከሰው። ወደፊትም ወደኋላም እምቢ አለ። ነፋሱ ጫፉን ሲያወዛውዘው ከውስጥ የብረት ሲቃ ይሰማል። አንድ ጊዜ ቢጠማዘዝ ያ አሮጌ መጋዝ ለሁለት ይሰበራል።

አቶ ክፍሌ እጀታውን ለቀቁ። ያ ሁሉ ኩራት ከፊታቸው ወርዶ አንድ ሽማግሌ ብቻ ቀረ። "የአባቴ…" አሉ፤ አልጨረሱትም። የጭልሞው ሰው ወደ ዲማ ሮጦ ሳበ፤ ዲማ ተኝቷል። ዳለቻም በዚያው ቅጽበት ቤንዚን ተሞልቶለት፣ ገና እንደጋለ ቆሟል።

"ተው፣ ይወድቅብሃል!" አለ ሊቀመንበሩ ኦቦ ደበላ ወደ ዛፉ ሲሄድ።

"ላኪ" አለ ኦቦ ደበላ፤ የለም ማለቱ ነው። "ወዴት እንደሚወድቅ ነግሮኛል።"

ቀና ብሎ የዛፉን አናት አየ። ዳለቻን አስቀመጠ፣ ረገጠ፣ ግራ እጁን ሰደደ። "ካኢ።" ዝም። "ካኢ!" ዳለቻ ተነሣ። ዛፉ በዘመመበት በኩል፣ ከተነከሰው መጋዝ ሁለት ጣት ብቻ ከፍ ብሎ አፍ ከፈተለት። ጥርስ ከጥርስ ቢነካ ሁለቱም መጋዞች ማለቃቸው ነበር፤ አልነካም። ዞሮ ከጀርባው ገባ። ዛፉ አቃሰተ፣ ሰዉ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ግንዱም ከመጋዙ በላይ ተቆርጦ እሱ ባሰበው አቅጣጫ ተጋደመ። አሮጌው መጋዝ ጉቶው ውስጥ እንደ ጎራዴ በሰገባው ቀርቷል። አቶ ክፍሌ መጡና በሁለት ጣት ሳብ አደረጉት፤ ወጣ። ጥርሱን አንድ በአንድ ዳሰሱ። አንድም አልጎደለም።

ማንም አላጨበጨበም። አንዳንድ ነገር ሲያዩት እጅ ይረሳል።

ሊቀመንበሩ ደብተሩን ይዞ መጣ። "እንግዲህ ኮሚቴው ይወስን። አስተማማኙ የትኛው ነው?"

አቶ ክፍሌ መጋዛቸውን በጋቢያቸው እየጠቀለሉ፣ "ደበላ ነው" አሉ።

ሊቀመንበሩ አሰበበት፤ በእውነት አሰበበት። ከዚያ "ኦቦ ደበላ ፕሮፎርማ አላስገባም" አለ።

ዳለቻ ተገዛ። አቶ ክፍሌ ፕሮፎርማቸውን በጽሑፍ አነሱ፤ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ በሰማያዊ ቀለም። ቃለ ጉባኤው ላይ "ግራጫው መጋዝ በመምህሩ አስተያየት ተመረጠ" ተብሎ ተጽፏል። እውነት ነው። በተሳሳተ ምክንያት መርጬዋለሁ፤ ትክክለኛው ምክንያት መንገድ ላይ ደረሰብኝ። ስንቱ ታላቅ ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ሐውልት ቆሞለታል።

ይኸው አምስተኛ ክረምቱ ነው። በቆሎውን ሌላ ሰው ይጠብቀዋል። እስከ ካቺሲ ድረስ መጋዝ የሚገዛ ማኅበር ሁሉ "የአምቦው ዓይነት" እያለ ይጠይቃል፤ ሲገዙም ኦቦ ደበላን ወስደው አስነሥተው፣ አግለው፣ አጥፍተው፣ እንደገና "ካኢ" ያስብሉታል። ጧት ጧት የዳለቻ ድምፅ ከተዳፋቱ ሲመጣ፣ ክፍል ውስጥ የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር አቋርጬ አዳምጠዋለሁ። ተማሪዎቼ አረጀ ይላሉ። ይበሉ፤ ኩራት እንጂ እርጅና አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ያናድደኛል። ደግ ሰው በዝቷል። መንገደኛው ሁሉ ኦቦ ደበላ በግራ እጁ ሲስብ ያይና፣ አዝኖለት፣ "አምጣ፣ እኔ ልሳብልህ" ብሎ ከመንገድ ይወጣል። እሱ ጨዋ ነው፤ እምቢ አይልም። ደጉ ሰው ይስባል፣ ይስባል፣ ሞተሩ በቤንዚን ይጥለቀለቃል፣ ግማሽ ቀን ይጠፋል። ደጉ ሰው ተመርቆ ይሄዳል። አንተም አንባቢዬ፣ በዚያ በኩል ካለፍክ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተትና መንገድህን ቀጥል። ገመዱን አትንካበት።